የጋሽ ተክሌ እንግዳ

ጋሽ ተክሌ መሞታቸውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከክፍል ስወጣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ፣ "እሑድ ቀበርናቸው" አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሁኔታውን ሳይ ገባኝ። እንዳይነገረኝ ያደረገችው እናቴ ናት። ፈተና ላይ ስለነበርኩ አስባልኝ ነው። ፈተናውን በደንብ ሠርቻለሁ። እሳቸው አፈር ሲለብሱ እኔ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ቀመር እሸመድድ ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አቅቶኛል።

"ቤታቸው ነው የሞቱት?" አልኩት።

"እሳቸው መቼ ቤታቸው ይገኛሉ?" አለ ወንድሜ። "ከካራ በታች፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ነው። ከብት የሚነዱ ሰዎች ናቸው ያገኟቸው። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው 'ኧረ ይነሡ፣ ብርድ ይመታዎታል' ብለዋቸዋል አሉ።"

ጋሽ ተክሌ የካ ውስጥ፣ የእኛ ጎረቤት ነበሩ። የቀበሌውን ቁጥር አልጽፍም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁንም እዚያው ናቸው። አጭርና ቀጭን ሰው ሲሆኑ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ወሰን በሚባለው ሰፈር ያሉ ጋራዦች የከበደ ነገር ሲገጥማቸው ያስጠሯቸው ነበር። ሞተር ከመክፈታቸው በፊት ሹፌሩን "እስቲ ንዳው" ይሉትና ከመኪናው ጎን ጎን እየሮጡ ያዳምጣሉ። ሽበታም ሰው ከመኪና ጋር ሲሮጥ ያየ ሁሉ ይስቃል። እሳቸው ግን፣ "መኪና ሳይናገር አይሰበርም። ሹፌሩ ነው የማይሰማው" ይላሉ።

ሰውንም የሚያዳምጡት እንደዚሁ ነበር። አባቴ በሞተ ዓመት እናቴን በአጥር በኩል "እንዴት አደርሽ?" አሏት። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ጆሯቸውን ወደ አጥሩ ዘንበል አደረጉና፣ "ይሄ 'ደህና' ይንኳኳል" ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ከሐኪም ጋር ተመልሰው መጡ። እናቴ የሳንባ ምች ይዟት ለማንም ሳትናገር ሰንብታ ኖሯል።

ጋሽ ተክሌ የሰፈራችን የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ ነበሩ። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ ሰባት በየተራ በአባላቱ ቤት ይሰበሰባል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ ለማንም አይሰጥም። ጋሽ ተክሌ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በቀኛቸው ያስቀምጡታል። "የእንግዳው ድርሻ" ይባላል። ክርስቶስ በድሃ አምሳል የመጣ እንደሆነ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው። ማኅበሩ ሳይበተን በሩን ላንኳኳ የመጀመሪያ ሰው ሙሴው ራሱ በሁለት እጁ ይሰጠዋል። እኔ ይህን ሁሉ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ስጠየቅም መልሼ ተጨብጭቦልኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ተራው የእናቴ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይጥል ነበር። በዚያ ሰሞን የቀበሌው ሰዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ከግንባር የኮበለለ ወታደር ያስጠጋ ሰው በአብዮታዊ እርምጃ እንደሚቀጣ ይናገሩ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ስለነበር እናቴ ከቤት አታስወጣውም። የዚያን ዕለትም ጓዳ ተቀምጧል። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

ቄሱ ጸልየው ከሄዱ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የተነሣሁት እኔ ነኝ። የመጣ ሰው ካለ ቀድሜ መነሣት፣ መታዘዝ፣ መመስገን እወድ ነበር። በሩን ገርበብ ሳደርገው አንድ ሰው ጆንያ ደፍቶ ቆሟል። አንገቴን ደፍቼ ስለከፈትኩ መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። የወታደር ቡትስ ነው። ማሰሪያ ስለሌለው በቃጫ ታስሯል፤ በጭቃ ተለውሷል። ከዚያ በላይ ዓይኔ አልሄደም። "ስለ መድኃኔ ዓለም" አለ። ድምፁ በብርድ ሻክሯል።

ሮጬ ተመለስኩና በጋሽ ተክሌ ጆሮ፣ "ወታደር ነው" አልኩ። "የኮበለለ ይመስለኛል።"

ጋሽ ተክሌ የጓዳውን መጋረጃ አዩ። እናቴን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እግዜር ይስጥህ በይው" አሉኝ።

ይህ ቃል ልመናን ለመመለስ በየቀኑ የምንለው ነው። እኔም ሄጄ፣ "እግዜር ይስጥህ" አልኩትና በሩን ዘጋሁ። መወርወሪያውንም አስገባሁ። ማንም መወርወሪያውን አስገቢ አላለኝም።

ጠላው እንደገና ተቀዳ፤ ወሬም ተጀመረ። መበተኛው ሲደርስ ጋሽ ተክሌ እንደ ልማዳቸው የእንግዳውን ድርሻ አነሡና፣ "ዛሬ ማንም አልመጣም፤ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ላድርሰው" አሉ። ይህን የተናገሩት ከልባቸው ነው። ጨርሶ ትዝ አላላቸውም። ከማኅበርተኞቹ ትልቋ እማማ የሺ ናቸው፣ የሚያዩት በአንድ ዓይናቸው ነው። እሳቸው ከተቀመጡበት ሆነው፣ "ተክሌ፣ እንግዳውማ መጥቶ ነበር እኮ። መለስነው እንጂ" አሉ።

ጋሽ ተክሌ ጨርቁን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ኮታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ጎርፍ እንጂ ሰው አልነበረም። እስከ ዋናው አስፋልት ሮጡ፤ ተመልሰው ወደ ወንዙ ሮጡ። ዳቦው በእጃቸው ላይ ራሰ።

ፍለጋው ከዚያ ቀን ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን መጡ። እናቴ፣ "ለእኛ ብለው ነው እኮ ያደረጉት ጋሽ ተክሌ፣ ለልጄ ብለው ነው" አለቻቸው።

"እሱማ ነው" አሉ። "ሰው ክፉ ነገር ሲሠራ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ብሎ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ተማሪዋ፣ አንቺ ነሽ ያየሽው። መልኩ ምን ይመስላል?"

እዚህ ላይ የእኔን ጥፋት መጻፍ አለብኝ። አላየሁትም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ጋሽ ተክሌ ሌሊቱን ሳይተኙ ማደራቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል፤ መልስ የሚጠብቁትም ከእኔ ነው። ጥያቄ ተጠይቄ መልስ ማጣት አልወድም። "ረጅም ነው" አልኩ። ወታደር ስለሆነ ረጅም መሰለኝ።

"እሺ፣ ቀለሙስ?"

"ጠይም። ዓይኑ ትልልቅ ነው።"

ደስ አላቸው። በሌላ ቀን እንደገና ሲጠይቁኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ጨመርኩ። "በየትኛው ጉንጩ?" አሉኝ። "በግራ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዳንዴም በሥራ ቀን፣ ዳቦ በፌስታል ይዘው ይወጣሉ። እኔም መልኩን የማውቀው እኔ ነኝ ተብሎ አብሬ እሄዳለሁ። ኮተቤን፣ ካራን፣ የየካን ጫካ፣ የእንጦጦን አቀበት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሁሉ ዞረናል። ረጅም ጠይም ወጣት ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፣ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያም ሆኖ፣ "ምናልባት ዘንግተሽው ይሆናል" ይሉና ዳቦውን በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። ይቅርታም ይጠይቁታል። ሰውየው ግራ ይገባዋል፤ ዳቦውን ግን ይቀበላል። በዚያ ወቅት በእነዚያ ተራሮች ላይ የነበረ ረጅም ጠይም ሁሉ የጋሽ ተክሌን ዳቦ በልቷል።

ሌሎቹ ሲለምኑ፣ "ለሳምንት፣ ለሳምንት" እያሉ ያልፏቸዋል። ክፋት አልነበረም። እሱን ባገኘው ጊዜ ባዶ እጄን እንዳልሆን ብለው ነው የሚጠነቀቁት።

ሰፈሩ ይቀልድ ጀመር። የባለሱቁ ልጅ ከሩቅ፣ "ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬስ ክርስቶስን አገኙት?" ይላቸዋል።

"ለጥቂት አመለጠኝ" ይላሉ።

"በአውቶቡስ ሄዶ ነዋ!"

"ሊሆን ይችላል። አንተ ሱቅ መጥቶ ስኳር የለም ብለኸው ነው የሄደው።" ልጁ ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እግራቸው ግን አይቆምም።

ኅዳር ውስጥ ቀበሌ አስጠራቸው። ሽማግሌ ሰው በየጫካው ወታደር ያበላል የሚል ወሬ ደርሷቸው ኖሯል። ሁለት ሌሊት አሳደሯቸው። እናቴና እኔ ምሳ ይዘን ሄድን፤ ምሳውን ተቀበሉን እንጂ እሳቸውን አላሳዩንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳ እየተደገፉ መጡ። ውስጥ እግራቸውን ተገርፈዋል። እናቴ ጨው በለብ ያለ ውኃ በጥብጣ እግራቸውን ስትነክርላቸው እንደ ቀልድ አወሩን።

"'ማንን ነው በየጫካው የምትፈልገው?' አሉኝ። 'እንግዳዬን' አልኩ። 'ስሙ ማን ነው?' 'ስሙን ጠይቄው ቢሆን እናንተ ጋ ምን አመጣኝ?' አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሳቁ ሲያልቅ መልኩን ጠየቁኝ።"

"ምን አሏቸው?" አለች እናቴ።

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ አዩ። "አላውቅም አልኩ። ረጅም፣ ጠይም፣ በግራ ጉንጩ ጠባሳ ያለው ብዬ ልጁን ላስይዘው? መልኩንማ አልሰጠሁም። መዋሸቴን ግን መድኃኔ ዓለም ይቅር ይበለኝ። በሽምግልናዬ ውሸት ተናገርኩ።"

ጋሽ ተክሌ ውሸት የመሰላቸው "አላውቅም" ግን እውነት ነበር። የተገረፉት እኔ ለፈጠርኩት ፊት ነው። እኔ ጨዋማውን ውኃ የያዘውን ሳፋ ይዤ ነበር፤ ሳፋው ሲያዘነብልብኝ እናቴ፣ "ምን ሆንሽ? አፈሰስሽው እኮ!" አለችኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሁለት ወር ሆነ። ማታ ማታ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ አመሻለሁ። ከሁሉ የባሰው እግራቸው ሳይድን ፍለጋውን መጀመራቸው ነው። እያነከሱ ይወጡ ነበር።

በጥር አንድ እሑድ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጣን። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ነፋሱ ግን ፊት ይቆርጣል። አቀበቱ መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ የባሕር ዛፍ ቅጠል እስር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፌስታሉን አይተው፣ "ለእኔስ?" አሉ።

"ለሳምንት፣ አባቴ" አሉ ጋሽ ተክሌ እየተራመዱ።

"ሳምንት ማን አለ!" አሉ ሽማግሌው።

ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሽ ተክሌ ደከማቸው፤ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው ላይ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ መቆየት አልቻልኩም።

"ጋሽ ተክሌ፣ እኔ ፊቱን አላየሁትም።"

"የማንን?"

"የእንግዳውን። ጫማውን ብቻ ነው ያየሁት።"

ካልሲውን በእጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። "ረጅም ነው ያልሽውስ?"

"አላውቅም።"

"ዓይኑስ?"

"ዓይኑንም አላየሁም።"

"ጠባሳውስ?"

"እሱም ከራሴ ነው። ሲጠይቁኝ መልስ ሳልሰጥዎ እንዳይመለሱ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።" ማልቀስ ጀመርኩ።

ካልሲውን ጉቶው ላይ አኖሩት። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። "ጠባሳዋ እንኳ ጥሩ ነበረች" አሉ በመጨረሻ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ አላየሁም፤ አፈርኩ። ከዚያ ድንገት ቀጥ አሉ።

"አጫጭሮቹ!" አሉ።

"ምን?"

"አጫጭሮቹ ሁሉ! ቀያዮቹ! ከነሐሴ ጀምሮ ስንቱን ለሳምንት እያልን አልፈነዋል?" ጫማቸውን ያለ ካልሲ መልሰው ይጎትቱ ጀመር። "እንደ መለዋወጫ ዕቃ ቁጥሩን ይዤ እኮ ነው የምፈልገው። ቁጥሩ ካልገጠመ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። አይ ተክሌ!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"የአንቺን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሁለታችንም ሥራ አለብን። እኚያ ሽማግሌ ሳይሄዱ ተነሺ!"

ቁልቁለቱን እንደዚያ ሲወርዱ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ጤነኛ እግር ይዤ ልደርስባቸው አቃተኝ። አንድ ጊዜ ተንሸራተው በእጃቸው መሬት ያዙ። "ቀስ ይበሉ!" ስላቸው፣ "ያኔስ ቀስ ብዬ አይደል ያመለጠኝ?" አሉ። ሽማግሌው ቅጠላቸውን ተሸክመው ሊነሡ ሲሉ ደረስን።

"ምነው፣ ሳምንት ደረሰ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"ደረሰ፣ አባቴ" አሉ ጋሽ ተክሌ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ዳቦውን አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡ። "ይቅር ይበሉኝ። ቅድም አላወቅሁዎትም።"

"አሁንስ የት ታውቀኛለህ?"

"አሁንም አላውቅዎትም።"

ሽማግሌው ጋሽ ተክሌን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዳቦውን አዩ። ጠጋ ብዬ በጋሽ ተክሌ ጆሮ፣ "እኚህ እኮ ሽማግሌ ናቸው" አልኩ። አሁን ሳስበው አሁንም ትክክለኛውን መልስ ልሰጥ መሞከሬ ነበር።

"ያየሽው ጫማ ብቻ ነው አላልሽም?" አሉኝ። "አርፈሽ እዪ።"

ሽማግሌው ሸክማቸውን መልሰው አወረዱና ዳቦውን ተቀበሉ። ሊበሉ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ቆረሱት፤ ቁራሹን ዘረጉልን። "ብቻዬን እንድውጥ ነው? ብሉ እንጂ" አሉ። ጋሽ ተክሌ ቁራሹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ለአምስት ወር ዳቦ ሲሰጡ አይቻለሁ። ሲቀበሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔም እያኘክሁ ቀና ብዬ አየሁ። የሰው ፊት እንዲህ ለረጅም ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ ያስፈራል። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ከግንባራቸው ላይ፣ ሸክሙን የሚይዙበት ገመድ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቀለሙ የነጣ መስመር አለ። ቅንድባቸው ሸብቷል፤ ሽፋሽፍታቸው ግን ገና ጥቁር ነው። ከላይ ሁለት ጥርስ የላቸውም። የቀኝ ዓይናቸው ከነፋሱ የተነሣ ያነባል፤ እሳቸውም በክንዳቸው ጠርገው መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ሲያኝኩ ጆሯቸው ይንቀሳቀሳል።

"ስምዎ ማን ነው?" አልኩ።

"ቀበሌ ናችሁ?"

"ተማሪ ናት" አሉ ጋሽ ተክሌ። "መርሳት ስለማትወድ ነው።"

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። "ገመቹ" አሉኝ። ስማቸውን ደግሜ ጠራሁት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ተክሌ በዚህ መሃል ቁራሻቸውን ይዘው ተነሥተው ነበር። አልበሉትም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው፣ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ቁልቁል ያያሉ። ከታች፣ ከዛፎቹ መሃል፣ አንድ ሰው ሸክም ይዞ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። ከሩቅ ስለሆነ ረጅም ይሁን አጭር፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ጋሽ ተክሌ ግን እያነከሱ ሊቀበሉት መውረድ ጀምረው ነበር።